ውኃው ሳይሞቅ ትራውት አይነቃም፦ በማርችና በኤፕሪል በኮሎራዶ ዓሣ ለሚያጠምዱ

በዴንቨርና በኦሮራ የምንኖር ወገኖች በየዓመቱ ማርች ሲገባ አንድ ዓይነት ጥያቄ እንሰማለን። በረዶው ከመንገድ ላይ ቀልጧል፣ ፀሐይ ወጥታለች፣ ዘንግና መንጠቆ ተገዝቷል፣ ልጆችም ጓጉተዋል። አባት ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ሐይቁ ዳር ይደርሳል፤ ሦስት አራት ሰዓት ቆሞ አንድ ዓሣ እንኳ ሳይነካለት እጁ ደንዝዞ ይመለሳል። «ይኼ ሐይቅ ዓሣ የለውም» ይላል። ዓሣው ግን አለ፤ የሄደበት ሰዓትና የጣለበት ጥልቀት ነው ያልገጠመው።

ብዙዎቻችን ዓሣ ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው የሐዋሳና የዝዋይ ቆሮሶ ነው፤ እሱ ሞቃት ውኃ የለመደ ዓሣ ነው። ትራውት ደግሞ ቀዝቃዛ፣ ንጹሕና ኦክስጅን የበዛበት ውኃ ይፈልጋል። ይሁን እንጂ ብርድ ይወዳል ማለት በብርድ ይበረታል ማለት አይደለም። የሰውነቱ ሙቀት ከውኃው ጋር አብሮ ስለሚወርድ ውኃው ሲበርድ ሆዱም ቀስ ብሎ ይፈጫል፣ ጡንቻውም ይዝላል፣ ለመብላትም አይቸኩልም። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ የሚነሡት ከዚህ አንድ ነገር ነው። እኔ ራሴ ሁለት የጸደይ ወራት በከንቱ ከደከምኩ በኋላ ነው የገባኝ፤ እናንተ እንዳትደክሙ ነው የምጽፈው።

1. ፈቃዱን አስቀድመው ያውጡ፤ ዓመቱንም ይመልከቱ

ዕድሜው 16 የሞላ ሰው ሁሉ ዘንግ ይዞ ውኃ ዳር ለመቆም ላይሰንስ ያስፈልገዋል። የሚሰጠው ኮሎራዶ ፓርክስ ኤንድ ዋይልድላይፍ ነው፤ በድረ ገጹ ወይም የስፖርትና የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ በሚሸጡ መደብሮች ይገኛል። በኮሎራዶ 6 ወር ሳያቋርጥ የኖረ ሰው የነዋሪ ዋጋ ይከፍላል፤ ስለዚህ አድራሻዎን የሚያሳይ መታወቂያ ይያዙ። ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 64 የሆኑ ደግሞ ሃቢታት ስታምፕ የሚባለውን በዓመት አንድ ጊዜ ይጨምራሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቀኑ ነው። ዓመታዊው ፈቃድ የሚሠራው ከማርች 1 እስከ ቀጣዩ ዓመት ማርች 31 ድረስ፣ ማለትም ለ13 ወራት ነው። ባለፈው ክረምት የገዙት ፈቃድ ማርች 31 ቀን ያበቃል፤ ኤፕሪል 1 ጠዋት ይዘውት ቢወጡ ፈቃድ እንደሌለው ሰው ነዎት። በማርች መጀመሪያ አዲሱን ቢገዙ አንድ ወር ያተርፋሉ።

በአጠቃላይ በክልሉ ሕግ አንድ ሰው በቀን 4 ትራውት መያዝ ይችላል። ሆኖም የተለየ ሕግ ያላቸው ውኃዎች ብዙ ናቸው። አንዳንዱ ቦታ ትልና የመሳሰለውን ቤይት ይከለክላል፣ አንዳንዱ ደግሞ የተያዘው ዓሣ በሙሉ እንዲመለስ ያዝዛል። በየዓመቱ የሚወጣውን የሕግ መጽሔት በነጻ ያገኛሉ፤ የሚሄዱበትን ውኃ ስም ፈልገው ከቤት ሳይወጡ ያንብቡ። ውኃው ዳር የተተከለውን ሰሌዳም እንዲሁ። እንግሊዝኛው ቢከብድዎ ልጅዎን ያስነብቡ፤ ልጁም ሕጉን ተምሮ ያድጋል።

2. ሐይቅ ወይስ ወንዝ? ቦታዎን ይምረጡ

ለጀማሪና ልጆች ለያዘ ሰው ሐይቅ ይሻላል። ቼሪ ክሪክ፣ ቻትፊልድና ኦሮራ ሬዘርቮር ለአብዛኛው የእኛ ሰው ቅርብ ናቸው። በየሰፈሩ ፓርክ ውስጥ ባሉ ትናንሽ ኩሬዎችም በጸደይ ወራት ትራውት ይጨመራል፤ የተጨመረባቸውን ውኃዎች ዝርዝር የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቱ ያወጣል። ወደ ሦስቱ ሬዘርቮሮች በመኪና ለመግባት ከላይሰንሱ ሌላ የመግቢያ ፓስ እንደሚያስፈልግ አይርሱ።

ትንሽ ልምድ ላለው ሰው ግን በዚህ ወቅት ልብ የሚያሞቀው ከግድብ በታች ያለ ወንዝ ነው። ከግድቡ ሥር የሚለቀቀው ውኃ ከሬዘርቮሩ ወለል ስለሚመጣ በክረምት አይጋገርም፤ ሙቀቱም ብዙ አይዋዥቅም። ሌላው ወንዝ በበረዶ ተሸፍኖ ሳለ እዚያ ዓሣው ይበላል። የሳውዝ ፕላት ወንዝ ከቺዝማን ግድብ በታች፣ በዴከርስ በኩል፣ እንዲሁም ኢለቨን ማይል ካንየን የዚህ ዓይነት ናቸው። ቺዝማን ካንየን ውስጥ ቤይት ክልክል ነው፤ የተያዘ ትራውት ሁሉ ይመለሳል። ስለዚህ ዓሣ ቤት ይዞ ለመግባት ያሰበ ሰው ወደዚያ አይሂድ።

አንድ ነገር በደንብ ይያዙልኝ። በኮሎራዶ ወንዙ በግል መሬት ውስጥ ሲያልፍ የወንዙ ወለልም የባለመሬቱ ሊሆን ይችላል። «ውኃው የሕዝብ ነው» ብሎ እየተራመዱ መግባት ያስከስሳል። «ኖ ትሬስፓሲንግ» የሚል ሰሌዳ ወይም አጥር ካዩ ይመለሱ።

3. ሰዓቱን ውኃው ይንገርዎ

ከዕቃ ሁሉ አስቀድመው ትንሽ የውኃ ቴርሞሜትር ይግዙ። ዋጋው ቀላል ነው፤ ለዚህ ወቅት ግን ከውድ ዘንግ ይበልጣል። በክር አስረው ጥላ ባለበት ቦታ ክንድ ያህል ጥልቀት ላይ ለሁለት ደቂቃ ያቆዩትና ያንብቡ።

ከ4 ዲግሪ (40 ፋራናይት) በታች ከሆነ ትራውቱ ከቦታው አይነቃነቅም፤ አፉ ላይ ካልደረሰለት አይበላም። ከ4 እስከ 7 ዲግሪ (45 ፋራናይት ድረስ) ከታች ሆኖ ቀስ እያለ ይበላል። ከ7 አልፎ ወደ 10 ሲጠጋ መንቀሳቀስ፣ ማሳደድም ይጀምራል። ከ10 እስከ 15 (ከ50 እስከ 60 ፋራናይት) ሲደርስ ጥሩው ሰዓት ነው፤ በማርች ግን ይህን ሙቀት ብዙ አይጠብቁ። ከቁጥሩ ይልቅ አቅጣጫውን ይመልከቱ። ጠዋት 4 የነበረው እኩለ ቀን ላይ 6 ከሆነ፣ ቁጥሩ ዝቅተኛ ቢሆንም ዓሣው ተነሥቷል ማለት ነው።

ስለዚህ ጎህ ሲቀድ አይሂዱ። በበጋ ማለዳ ጥሩ ነው፤ በጸደይ መጀመሪያ ግን ማለዳ የቀኑ ሁሉ ቀዝቃዛ ሰዓት ነው። ቁርስዎን በሰላም በልተው፣ ቡናዎን ጠጥተው፣ በአሜሪካ አቆጣጠር ከጠዋቱ 10 ሰዓት ገደማ ይድረሱ። ዓሣው የሚበላው አብዛኛውን ጊዜ ከ11 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጉዳይ ያለበትም ሰው በዚህ ያተርፋል።

አንድ የሚያታልል ነገር አለ። ከግድብ በታች ባልሆኑና ከተራራ በሚወርዱ ወንዞች፣ ለምሳሌ በክሊር ክሪክ፣ ቀኑ በጣም ሲሞቅ ላይኛው አገር ያለው በረዶ ይቀልጥና ከሰዓት በኋላ ይደርሳል። ውኃው ተመልሶ ይቀዘቅዛል፤ ይደፈርሳልም። እዚያ ጥሩው ሰዓት ከእኩለ ቀን ዙሪያ ያለው ብቻ ነው። ሜይ ሲገባ ደግሞ የበረዶው ውኃ ወንዙን በሙሉ ይሞላዋል፤ ማርችና ኤፕሪል የሚፈለጉት ከዚያ በፊት ስለሆኑ ነው።

4. ቀጭን ክር፣ ትንሽ መንጠቆ

በብዛት የማየው ስሕተት ወፍራም ዕቃ ነው። መደብሩ ውስጥ «ጠንካራ ይሁን» ብለን ለባሕር ዓሣ የሚሆን ክር እንገዛለን። በዚህ ወቅት ውኃው ጥርት ያለ ነው፤ ትራውት ደግሞ ዓይኑ ስል ነው። ወፍራም ክር አይቶ ይሸሻል።

ለሐይቅ 6 ጫማ ተኩል ገደማ የሆነ ቀለል ያለ ዘንግና ትንሽ ስፒኒንግ ሪል ይበቃል። ክሩ ከ4 እስከ 6 ፓውንድ የሚችል ይሁን፤ መንጠቆው ከ10 እስከ 14 ቁጥር። የመንጠቆ ቁጥር ሲጨምር መጠኑ እንደሚያንስ ልብ ይበሉ፤ ይህን ባለማወቅ ተቃራኒውን የገዙ ብዙ ናቸው። ከዚህ ሌላ መሐሉ ቀዳዳ ያለው ትንሽ እርሳስ፣ ረጅም አፍ ያለው ፒንሳ፣ ከጎማ የተሠራ መረብና የክር መቁረጫ ይያዙ። የናይለን መረብ የዓሣውን ቆዳ ይልጣል፤ ጎማው ይሻላል።

ቋጠሮውን ቤት ሆነው ይለማመዱ። ክሩን በመንጠቆው ዓይን ያሳልፉ፣ ጫፉን በዋናው ክር ዙሪያ አምስት ጊዜ ይጠምዝዙ፣ ከመንጠቆው አጠገብ በተፈጠረው ቀዳዳ መልሰው ያስገቡት፣ ከማጥበቅዎ በፊት በምራቅ ያርጥቡት። ደረቅ ክር ሲጠብቅ በሰበቃ ይግላል፤ ይዳከማል። ትልቁ ዓሣ የሚያመልጠው አብዛኛውን ጊዜ በዚህች ቋጠሮ ነው።

ልብሱን በተመለከተ፣ በዴንቨር በአማካይ ብዙ በረዶ የሚጥለው በማርች ነው። ጠዋት ፀሐይ ስላዩ በሹራብ ብቻ አይውጡ። ከውስጥ ሱፍ ወይም ፖሊስተር፣ ከላይ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት፤ ጥጥ ከረጠበ አይሞቅም። ተቀያሪ ካልሲና ፎጣ መኪናው ውስጥ ይኑር።

5. ሐይቅ ላይ

መጀመሪያ በረዶውን ይመልከቱ። ገና ያልቀለጠ በረዶ ካለ በምንም ምክንያት አይርገጡት። የጸደይ በረዶ ወፍራም ቢሆንም ከውስጡ ተቦርቡሯል፤ ሌላ ሰው ቆሞበት ማየትዎ ዋስትና አይደለም። ልጆችን ከዳር አይለዩ።

ቀጥሎ ፀሐይ የምታርፍበትን ዳር ይፈልጉ። የሐይቁ ሰሜናዊ ዳር ወደ ደቡብ ስለሚያይ ቀድሞ ይሞቃል፤ ወለሉ ጥቁር ጭቃ የሆነ ጥልቀት የሌለው ሰርጥ ደግሞ ይበልጥ። በረዶው እንደለቀቀ ትራውት ወደዚህ ዓይነት ቦታ ይመጣል፤ አንዳንዴ ከዳር 5 ሜትር እንኳ አይርቅም። ስለዚህ ባለ በሌለ ኃይል ወደ መሐል አይወርውሩ፤ ዓሣው ከእግርዎ ሥር ሊሆን ይችላል። ነፋስ ካለ ፊትዎን የሚመታበት ዳር ይቁሙ። ለሰው አይመችም፤ ነገር ግን ነፋሱ የሞቀውን የላይ ውኃና ምግቡን የሚገፋው ወደዚያ ነው።

የሚያዋጣው አጣጣል ይህ ነው። ቀዳዳ ያለውን እርሳስ በዋናው ክር ላይ ያስገቡ፣ ከእሱ በታች ማቆሚያ ይሰሩ፣ ከማቆሚያው እስከ መንጠቆው ከ45 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ቀጭን ክር ይተዉ። መንጠቆው ላይ እንደ ሊጥ የሚላቆጠውን ፓወርቤይት የሽንብራ ፍሬ በምታህል መጠን ሸፍነው ያድቦልቡሉት። እርሳሱ ወለል ላይ ሲያርፍ ሊጡ ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል፤ በአረምና በጭቃ ውስጥ አይቀበርም። ትል ከመረጡ ግን ትል ይሰጥማልና ትንሽ አየር በመርፌ ቢሞላበት ወይም ተንሳፋፊ ቢጨመርበት ይሻላል። ከጣሉ በኋላ ክሩን በጥቂቱ ልል አድርገው ይተዉት፤ ትራውቱ ሲወስደው የእርሳሱ ክብደት ከተሰማው ይተፋዋል።

20 ደቂቃ ምንም ካልነካ ጥልቀቱን ወይም ቦታውን ይቀይሩ። አንድ ቦታ ሰዓታት መቀመጥ ትዕግሥት አይባልም።

ስፒነር ወይም ትንሽ ማንኪያ መሳይ ሉር የሚወረውሩ ከሆነ ደግሞ አመላለስዎን በግማሽ ይቀንሱ። በጣም የዘገየ እስኪመስልዎ ድረስ ዝግ ይበሉ፤ በቀዘቀዘ ውኃ ያለ ትራውት የሚሮጥ ነገር አያሳድድም።

6. ወንዝ ላይ

ከቤት ሳይወጡ የወንዙን መጠን ይመልከቱ። የመንግሥት የውኃ መለኪያ ጣቢያዎች በየሰዓቱ ቁጥሩን በድረ ገጽ ያወጣሉ፤ መለኪያው በሰከንድ ስንት ኪዩቢክ ፊት ውኃ እንደሚያልፍ ነው። አንዱ ኪዩቢክ ፊት 28 ሊትር ያህል ነው፤ ከትልቁ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ይበልጣል። ቁጥሩ 300 ከሆነ በአንድ ሰከንድ ከ300 የሚበልጥ እንዲህ ያለ ጄሪካን በአጠገብዎ ያልፋል ብለው ያስቡት። በዴከርስ አካባቢ ከ300 በላይ ሲሆን እኔ ከዳር አልወርድም። ከግድብ በታች ደግሞ ውኃው ያለ ዝናብ በድንገት ሊለቀቅ ይችላል፤ እግርዎ ሥር ያለው ድንጋይ መዋጥ ከጀመረ ወዲያው ይውጡ።

ዌደር የሚባለውን ውኃ የማያስገባ ሱሪ ከለበሱ ቀበቶውን ወገብዎ ላይ ጠበቅ አድርገው ይሰሩ። ቢወድቁ ውኃው ወደ እግርዎ እንዳይሞላ የሚያግደው እሱ ነው። ብቻዎን አይሂዱ፤ በሸለቆው ውስጥ ብዙ ቦታ ስልክ አይሠራም።

ዓሣው የት ነው? በጸደይ መጀመሪያ በሚፋጨው፣ በሚያረፋው ውኃ ውስጥ አይፈልጉት። ጉልበቱን ስለሚቆጥብ ዝግ ብሎ በሚሄደው ጥልቅ ውኃ፣ ከትልቅ ድንጋይ ጀርባ፣ ፈጣኑና ዝግተኛው ውኃ በሚገናኙበት መስመር ላይ፣ ወለሉን ተጠግቶ ይቆያል። ምግቡም እዚያው ታች ነው። በዚህ ጊዜ የሚበላው ሚጅ የምትባለውን ከትንኝ የምታንስ ነፍሳት እጭ ነው፤ ከማርች አጋማሽ ወዲህ ደግሞ በደመናማ ቀን ቤቲስ የምትባለው ትወጣለች። እነዚህን መስሎ ከክርና ከላባ የሚሠራው መንጠቆ ፍላይ ይባላል፤ ለሚጅ ከ20 እስከ 24 ቁጥር፣ ለቤቲስ ከ18 እስከ 22 ይግዙ። ሰማዩ የጠቆረበትና ትንሽ የሚያካፋበት ቀን ለሽርሽር ባይመችም ለቤቲስ ምርጡ ቀን ነው።

ዋናው ጥበብ ፍላዩ ወንዙ በሚሄድበት ፍጥነት፣ ሳይጎተት፣ ወለሉን ተጠግቶ እንዲፈስ ማድረግ ነው። ክርዎ ላይ ተንሳፋፊ ያስሩ፤ ከተንሳፋፊው እስከ ፍላዩ ያለው ርዝመት የውኃው ጥልቀት አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይሁን፤ ከፍላዩ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገው ትንሽ ማጥለቂያ ይጨምሩ። ወደ ላይ ወርውረው ሲፈስ ይከተሉት። አልፎ አልፎ ወለሉን እየነካ ተንሳፋፊው ቆም የሚል ከሆነ ጥልቀቱ ትክክል ነው። አንድም ጊዜ ካልነካ ዓሣው ከሥርዎ እያለ ከጭንቅላቱ በላይ እያሳለፉ ነውና ክብደት ይጨምሩ። ብዙ ሰው ዓሣ ሲያጣ ፍላይ በፍላይ ይቀያይራል፤ መጀመሪያ መቀየር ያለበት ክብደቱ ነው። ተንሳፋፊው በትንሹም ቢሆን ከተለመደው ውጪ ከተንቀሳቀሰ ዘንግዎን ቀስ አድርገው ያንሱ። በብርድ ጊዜ አነካኩ እንደ ቅጠል ለስላሳ ነው።

አሁን የማሳስበው ከልቤ ነው። ሬይንቦ ትራውት የሚራባው በጸደይ ነው። ከአካባቢው ጠጠር ይልቅ የነጣ፣ የተጠረገ የሚመስል፣ ሞላላ ቦታ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ካዩ ያ ጎጆው ነው፤ ሥሩ እንቁላል አለ። አይርገጡት፣ በዙሪያውም አይራመዱ፣ እዚያ ላይ የቆሙትን ጥንድ ዓሦችም አይያዙ። ቀላል አደን ይመስላሉ፤ ግን እነሱን መያዝ የሚቀጥለውን ዓመት ዓሣ ከእንቁላሉ ማጥፋት ነው። በቀሩት ቦታዎችም ወደ ውኃው የሚገቡት ሲያስፈልግ ብቻ ይሁን።

7. ዓሣው ሲያዝ

ወዲያው ይወስኑ፤ ይበላል ወይስ ይመለሳል? ይህ ወቅት ብዙ ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። በጾሙ ዓሣ የማይበሉ ከሆነ ወይ ለፋሲካ በፍሪዘር ለማቆየት፣ ወይ ለመመለስ አስበው ይውጡ፤ የአጠማመድ መንገድዎም በዚያው ይወሰን።

የሚመልሱ ከሆነ ቤይት አይጠቀሙ። ዓሣው ቤይትን እስከ ሆዱ ይውጠዋል፤ ያንን ነቅሎ መመለስ አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ እንዲንሳፈፍ መተው ነው። በሉር ወይም በፍላይ ያጥምዱ፤ የመንጠቆውን እሾህ በፒንሳ ጨፍልቀው ያጥፉት። ዓሣውን በደረቅ እጅ ወይም በጓንት አይያዙ፤ ቆዳውን የሚጠብቀው ልጋግ ይነሣል። እጅዎን አርጥበው፣ ዓሣውን መረቡ ውስጥ ውኃው እንዳለ አድርገው መንጠቆውን ይንቀሉ። ፎቶ ካስፈለገ ሁሉም ከተዘጋጀ በኋላ ለአፍታ ብቻ ያንሱት። አየሩ ከዜሮ በታች ከሆነ ግን ከውኃ አያውጡት፤ ስንጥቡ ይቀዘቅዛል። መንጠቆውን ከዋጠ ክሩን አፉ አጠገብ ቆርጠው ይልቀቁት።

8. ለምግብ የሚሆነውን

ዓሣውን በሕይወቱ በፌስታል እየፈራገጠ አይተዉት። በጭንቅላቱ ላይ አንድ ጊዜ በጠንካራ ነገር መትተው ይግደሉት፣ ስንጥቡን ቆርጠው ደሙን ያፍስሱ፣ በረዶ ባለበት ማቀዝቀዣ ሳጥን ያኑሩት። የሥጋው ጣዕም የሚወሰነው በዚህ ደቂቃ ነው። 4 ከሞሉ ዘንግዎን ያጥፉ። የያዙትን የሚበላ ዓሣ አባክኖ መጣልም በኮሎራዶ በሕግ ያስቀጣል።

ትራውት ቅርፊቱ በጣም ደቃቅ ስለሆነ መፋቅ አያስፈልገውም። ከፊንጢጣው እስከ ጉሮሮው በቢላ ሰንጥቀው ሆድቃውንና ስንጥቡን ያውጡ፤ ከዚያ በአከርካሪው ሥር የተጋደመውን ጥቁር የደም መስመር በሻይ ማንኪያ ይፋቁት። «ትራውት መጥፎ ጠረን አለው» የሚሉ ብዙዎቹ ይህን የተዉ ናቸው። በቀዝቃዛ ውኃ አጥበው በደንብ ያድርቁት።

ጎኑን በቢላ ጥርብ ጥርብ አድርገው ጨውና ሎሚ አሽተው፣ እንደ ሐዋሳው ሙሉውን በጋለ ዘይት ይጥበሱት፤ በዳጣ ወይም በአዋዜ ይቅረብ። ሥጋው ከቆሮሶ ይልቅ ለስላሳና ቅባት ያለው ስለሆነ ቶሎ ይበስላል፤ አይርሱት። ለፋሲካ የሚቆየውን አየር በማይገባበት ከረጢት አሽገው፣ ቀኑን ጽፈው ያስቀምጡ፤ ከሦስት ወር በላይ ቢቆይ ቅባቱ ይበላሻል።

ዓሣው ወደ ፍሪዘር ከገባ በኋላ ዌደሩና ቦቱ ይቀራል። ጭቃውንና አረሙን በብሩሽ አጥበው ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ይስቀሉት፤ ካልሆነም አንድ ሌሊት ፍሪዘር ያሳድሩት። ከቁንዶ በርበሬ ፍሬ የማትበልጥ የኒውዚላንድ ቀንድ አውጣ በእርጥብ ቦት ውስጥ ለብዙ ቀናት ትኖራለች፤ ያለ ተባዕት ስለምትራባ አንዲቱ ብቻ ብትሻገር አዲስ ወንዝ ልትሞላ ትችላለች። እርጥበቱ ያልለቀቀውን ቦት ወደ ሌላ ወንዝ አይውሰዱ።